ሰባተኛው ኩባያ

በ1930 ዓ.ም. አንድ የቅዳሜ ጠዋት ነበር። የዳሞታ ተራራ ከጉሙ ገና አልወጣም። ሀብተየስ የስፌት መኪና መዘውር በትከሻው አንግቶ ወደ ወላይታ ሶዶ ገበያ ሲሄድ፣ ጣሊያኖች መሣሪያ ማስረከቢያ ባደረጉት ግቢ ጥግ ደረሰ። እንደ ልማዱ አንገቱን ደፍቶ፣ ፈጠን ብሎ ሊያልፍ ነበር። የአጥሩ አጣና በአንድ በኩል ላልቶ ኖሮ ዓይኑ ሳያስበው ወደ ውስጥ ገባ።

እጁን የኋሊት የታሰረ ሰው ግንድ ተደግፎ ተቀምጧል። ጉልላት የሚባለው ቀጭኑ አስተርጓሚ ግራና ቀኙን አየት አደረገና በርከክ ብሎ ኮዳውን ወደ እስረኛው ከንፈር አስጠጋ። ሰውየው ሲጎነጭ ውሃው በአገጩ ወረደ። ጉልላት በራሱ እጅጌ ጠረገለት፤ ከዚያም ምንም እንዳላደረገ ሰው ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ።

ሀብተየስን ደነቀው። ከተማው ይህን ሰው ባንዳ ይለዋል፤ ባለፈበት ምራቃቸውን የሚተፉም አሉ። "እግዚአብሔር ይስጥህ" አለ በልቡ። እስረኛው ቀና ሲል ግን ለየው። ወዳጁ ኤርሳዶ ነው። ከጎኑ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ የሀብተየስ የገዛ እጁ ሥራ ተጋድሟል።

የሀብተየስ አባት ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ የከተሙ ብረት ሠሪ ነበሩ። ልጃቸውም ጠመንጃ መጠገን የተማረው ከእሳቸው ነው። ጣሊያን ሲገባ ሞረዱንና ጉጠቱን ከጓሮ እንሰት ሥር ቀበረና የስፌት መኪና ጠጋኝ ሆነ። ጣሊያኖቹ አርበኛውን ሽፍታ ነው የሚሉት፤ የሽፍታ መሣሪያ የሚያድስ እጅ ከተገኘ ዕለቱን ገመድ ይጠብቀዋል።

ኤርሳዶ ደግሞ ኦቶና ከፈረንጆቹ ሚሲዮን አጠገብ የሚያርስ የወላይታ ገበሬ ነው። የሚሲዮኑን አትክልት ይጠብቅ ስለ ነበር፣ ከጦርነቱ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ፈረንጅ ወፍ የሚያባርርበትን የአየር ጠመንጃ ሰጠው። ጠመንጃው ባሩድ የሚባል ነገር አያውቅም። በርሜሉ ወደ ታች ሲታጠፍ ሆዱ ውስጥ ያለው ሞላ ይጨመቃል፤ ምላጩ ሲሳብ ሞላው ተፈናጥሮ አየሩን ይገፋል፤ አየሩም የምስር ፍሬ የምታክል እርሳስ ይተፋል። ያ ነው ጠመንጃነቱ።

ሰደፉ የተሰነጠቀ ጊዜ ኤርሳዶ ወደ ሀብተየስ ይዞት መጣ።

"ሀብቴ፣ ይሄ የልጅ መጫወቻ ነው የሚመስለው። ዝንጀሮው እንኳ ቁጭ ብሎ ያየኛል፣ አይሸሽም። የወንድ ጠመንጃ አስመስልልኝ" አለው።

ሀብተየስም አስመሰለለት። ከአሮጌ ውጅግራ ጠመንጃ ያወለቀውን ሰደፍ አለበሰው፤ የማንገቻ ቀለበት አደረገለት፤ ምንም የማይከፍት ምንም የማይዘጋ የመቀባበያ እጀታ እንኳ ለጌጥ ብሎ ከጎኑ ገጠመለት። ምላጩን ግን ለጌጥ አልሠራውም። ጣት ሲሳብበት አንድ ቦታ ደርሶ ይቆማል፤ ከዚያ እንደ ትንፋሽ ያለ ነገር ሲጨመርበት ብቻ ይለቃል። ሲጨርስ ከመውደዱ የተነሣ ሦስት ቀን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ አየው። ኤርሳዶን ያሳሰረው ይህ ውበት ነው። "ጠመንጃ ያላስረከበ ይሰቀላል" ተብሎ ሲለፈፍ፣ ኤርሳዶ ወፍ ማባረሪያውን ከጠመንጃ አልቆጠረውም ነበር።

ሀብተየስ መዘውሩን ከአንድ ልብስ ሰፊ ደጃፍ አስቀምጦ፣ ሚስቱ ጣፈጠች ቅቤ ወደምትሸጥበት ጥግ ሄደ። እሷም ሰምታ ኖሯል።

"ዛሬ ይፈርዱበታል፤ አያሳድሩትም አሉ" አለችው በሹክሹክታ።

"ሄጄ ባሩድ እንደሌለው ላሳያቸው።"

"አንተ ማን ነህና? የስፌት መኪና ጠጋኝ በጠመንጃ ነገር ምን አገባው?"

"ያን ሰደፍ ያለበስኩት እኔ ነኝ፣ ጣፌ። እንደ ድሮው ቢሆን ማን ዞር ብሎ ያየው ነበር?"

ጣፈጠች ቅቤውን በቅጠል ሸፈነች። ከዚያ የውሃውን ቅል ከነገመዱ አንሥታ ሰጠችው፤ የብረት ኩባያዋንም ጨመረች።

"እንግዲያው ባዶ እጅህን አትግባ። ለእስረኛ ውሃ ይዣለሁ በል። ደግሞ እጅህን ሰብስብ! እጅህ ከአፍህ ቀድሞ ነው የሚያወራው።"

ያ ቅል ድሮ ከጠመንጃ መጠገኛው ሱቅ ግድግዳ የማይጠፋ ነበር። ሀብተየስ የምላጭ ክብደት የሚለካው በሱ ነበር። የተሞላውን ጠመንጃ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርጎ ያቆማል፤ ቅሉን በገመድ ከምላጩ ያንጠለጥላል፤ ምላጩ እስኪለቅ ድረስ በኩባያ ውሃ ያፈስበታል። ስንት ኩባያ እንደ ቻለ ቆጥሮ ምላጩን ያውቀዋል። ሞረዱ ሲቀበር ቅሉ ግን ቅል በመሆኑ ማጀት ቀረ።

ከበሩ የቆሙት አስካሪዎች፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች፣ ቅሉን አሽትተው አስገቡት። ኤርሳዶ ሲያየው ፊቱ በራ።

"ሀብቴ፣ ከኔ እኮ ጠመንጃው ያምራል። እሱን ስቀሉት በላቸው" አለው ቀስ ብሎ።

ሀብተየስ ሊስቅ አልቻለም። የጣሊያኑ ሹም ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ፣ ጉልበቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ትንሽ ጠመንጃ አጋድሟል። ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው ሲያልፍ ጣራው ላይ በሚያርፉት እርግቦች ላይ ይተኩስበታል። የሱም የአየር ጠመንጃ ነው።

ሀብተየስ ኤርሳዶን ውሃ እያጠጣ ወደ ጉልላት ዞረ። "ጌታዬ፣ ይህ ሰው የያዘው መሣሪያ ባሩድ የለውም። ሹሙ ከያዙት ጋር አንድ ነው። በርሜሉን አጥፈው ይዩት ይበሉልኝ።"

ጉልላት አንድ ጊዜ አተኩሮ አየውና ተረጎመ። ሹሙ ሣቀ። ቢሆንም አንድ አስካሪ በርሜሉን እንዲያጥፍ አዘዘ። ታጠፈ። እርሳስ ጎርሶ አጥሩን ወደ ተደገፈ ሣንቃ ተተኮሰ፤ ቀጭን "ጧ" ብቻ ተሰማ፤ እርሳሷ ሣንቃው ውስጥ ሰምጣ ጠፋች። ሹሙ ሣቁን አቆመ። ተነሥቶ የራሱን አነጣጠረ። ምላጩን ሳበ፣ አሁንም ሳበ፣ አፈሙዙ ተንቀጠቀጠ፤ ሲለቅ የሣንቃውን ጠርዝ ፈልጦ ሄደ። ከአስካሪዎቹ አንዱ ሣቁን በሳል ሸፈነ።

"የኔ ከአገሬ ከትልቅ ሱቅ የተገዛ ነው። ይህ አሮጌ በምን በለጠው? ይህ ሰው ካወቀ ይንገረኝ" አለ ሹሙ በጉልላት በኩል።

ሀብተየስ የሚስቱን ቃል የረሳው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱን ጠመንጃዎች ሲያቅፍ ልቡ ወደ ድሮው ሱቅ ሄደ። የሹሙን በርሜል በሁለት ጣቱ ነካ ሲያደርገው ከማጠፊያው ላይ ተወዛወዘ፤ ገላው እንደ ቆርቆሮ የታጠፈ ስስ ብረት ነው። የኤርሳዶው በርሜል ሲዘጋ ግን እንደ ደህና ሣጥን ክዳን ገጠም ይላል፤ ገላው አንድ ወጥ ወፍራም ብረት ነው። "ምላጩንም ይዩት" አለና የቅሉን ውሃ ባልዲ ውስጥ ገልብጦ ባዶውን ቅል ከኤርሳዶ ጠመንጃ አንጠለጠለ፤ በኩባያ እየቀዳ ያፈስበት ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ በአራተኛው ኩባያ ጥርት ብሎ ለቀቀ። የሹሙን አንጠለጠለ። አምስት፣ ስምንት፣ ዐሥር፤ ምላጩ ጭቃ እንደ ያዛት በቅሎ እየተጎተተ ዐሥራ አንደኛው ኩባያ ላይ ለቀቀ።

ቀና ሲል የጉልላት ፊት ዐመድ መስሏል። ሹሙ ቅሉን ያያል፣ ከዚያ የሀብተየስን እጅ ያያል።

"ይህን ምላጭ የሠራ እጅ ለሽፍቶቹም ይሠራል" አለ ሹሙ በዝግታ። "ማን ነው የሠራው?"

ሀብተየስ ቅሉን ከምላጩ ፈታ። ስለ ነፍሱ መዋሸት አልለመደም። ኤርሳዶ መሬት መሬቱን ያያል።

"ሰደፉን ያለበስኩት እኔ ነኝ" አለ።

ጉልላት ዘወር ብሎ በጣሊያንኛ ተናገረ። ሀብተየስ ያለው ዐጭር ነው፤ ጉልላት ያለው ግን ረዘመ። ሹሙ አማርኛ ጥቂት ጥቂት ይሰማል ይባላል። ዓይኑን ከጉልላት ሳይነቅል እስከ መጨረሻው አዳመጠ፤ ከዚያ የራሱን ጠመንጃ ወደ ሀብተየስ ገፋው።

"እዚሁ ዓይናቸው እያየ ጠግን ተብለሃል" አለ ጉልላት። ድምፁን ሳይለውጥ፣ እዚያው ላይ ቀጠለ፤ "ጠግን። አታሳምር።"

ሀብተየስ የስፌት መኪና መፍቻውን፣ መሳያ ድንጋዩንና ዘይቱን ከኪሱ አወጣ። ጠመንጃውን ፈታው። ሞላውን የሚይዘው የምላጩ ጥርስ እንደ ማጭድ አፍ ተከርክሟል፤ የበሽታው ሥር ይኸው ነው። በድንጋዩ ያሽ ጀመር። ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠባል። ገጥሞ ቅሉን ሲያንጠለጥል ዘጠኝ ኩባያ። ሹሙ ራሱን ነቀነቀ፤ ገና ነው። እንደገና ፈታ፣ እንደገና አሸ። በሰባተኛው ኩባያ ለቀቀ።

ሹሙ ጎንበስ አለና አንድ ነገር ጠየቀ። "ከዚህ የተሻለ ይሆናል ወይ? ነው የሚሉህ" አለ ጉልላት።

የሀብተየስ ጣቶች ያውቁታል። ጥርሱ ላይ የቀረችው ሸካራ ቦታ የሰናፍጭ ቅንጣት አታክልም። ዐሥር ጊዜ ቢያሸው፣ ያውም በቀስታ፣ አራት ላይ ይደርሳል። በዕድሜው ሥራ ገምሶ አስረክቦ አያውቅም። ድንጋዩ መዳፉ ውስጥ ነው። የኤርሳዶን የታሰረ እጅ አየ። ድንጋዩን ኪሱ ከተተው።

"የኔ እጅ እዚህ ላይ ይቆማል" አለ።

ሹሙ ጠመንጃውን ተቀብሎ ተኮሰ። ሣንቃው መካከል ገባ። ደግሞ ተኮሰ፤ ገባ። ያን ጊዜ ከልቡ ሣቀና "የስፌት መኪና!" አለ በጣሊያንኛ፤ ይህችን እንኳ ሀብተየስ ከልብስ ሰፊዎቹ ለምዶ ያውቃታል። የኤርሳዶ ገመድ ተፈታ።

"ጠመንጃዬስ?" አለ ኤርሳዶ የእጁን አንጓ እያሻሸ።

"ራስህን ይዘህ ውጣ፣ አንተ!" ብሎ ጉልላት ገፈተረው።

ከበሩ ውጭ ሲደርሱ ሀብተየስ አጥሩን ይዞ ቆመ። ኤርሳዶ ደገፈው። "ሀብቴ፣ ሁለተኛ እንዲያ ያለ ቆንጆ ነገር እንዳትሠራልኝ" አለው፤ ሁለቱም እንደ ልጅ እየሣቁ አለቀሱ።

ጉልላት ቅሉን ይዞ ከኋላቸው ወጣ፤ ረስተውት ነበር። ለሀብተየስ እየሰጠው "ምላጩን የሠራው ፈረንጁ ነው፤ ይህ መኪና ጠጋኝ እንጨቱን ብቻ ነው የገጠመው አልኩት" አለ። "ሰባት ላይ ባታቆም ኖሮ ውሸቴ ተገልጦ ሦስታችንም አብረን በተሰቀልን ነበር።"

"ጌታዬ፣ የክርስትና ስምዎን ይንገሩኝ። በጸሎቴ ላንሣዎ።"

ጉልላት አፉን ከፈተ። ከውስጥ የሹሙ ድምፅ ጠራው። እጁን ብቻ አንሥቶ ሮጠ። በወሩ ወደ ሌላ አገር ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲያ ያየው ሰው የለም። ጣሊያን ከወጣም በኋላ ስሙ ሶዶ ውስጥ ሲነሣ የሚረግመው እንጂ የሚመርቀው አልተገኘም።

ይህ ከሆነ ብዙ ዘመን አልፏል። ኤርሳዶ ዕድሜ ጠግቦ ዐረፈ። አቶ ሀብተየስ ሸምግለዋል፤ ያቺን "የኔ እጅ እዚህ ላይ ይቆማል" ያሉትን ለንስሐ አባታቸው ተናዝዘዋል። ቅሉ ዛሬም ከራስጌያቸው ተሰቅሏል። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ፣ ይህን የሚጽፈውን ሰው በክንዱ ይዘው ከዛፍ ሥር አስቀመጡትና እንዲህ አሉት።

"ልጄ፣ አንተ ከመጻሕፍት አትለይም፤ የምትጽፈውንም ሰው ያነበዋል። በየጠዋቱ ወዳጆቼን ሁሉ በየክርስትና ስማቸው አነሣለሁ። እሱ ጋ ስደርስ 'ያ ውሃ ያጠጣው' ብዬ አልፋለሁ። እግዚአብሔር ማንን እንደምል ያውቃል፤ ያም ይመስገን። እኔ ግን ሳልሞት በስሙ ልጠራው እፈልጋለሁ። ጉልላት የሚባል አስተርጓሚ ዘመድ የነበረው ሰው ካለ፣ የክርስትና ስሙን ይላክልኝ ብለህ ጻፍልኝ።"