የአጎቴ ቀይ ክር

አጎቴ ከበግ ጠጉር የሸመኑትን ባና ሲጨርሱ፣ ጠርዙ ላይ አንዲት ቀይ ክር በመርፌ ይሰፉ ነበር። በአርብ ገበያ ባና የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ያችን ክር ነው።

አንድ አርብ፣ ለአውራጃ ገዥው ቤት የሚገዛ ነጋዴ ያለንን ሁሉ ሊወስድ ተስማማ። አጎቴ ባናዎቹን ሲዳስሱ አንዱን ሽመናው ላልቶ አገኙት። የሸመንኩት እኔ ነበርኩ፤ ክሯንም ደብቄ የሰፋሁት እኔው። ቁጭ አሉና ክሯን ተረተሩ።

“ኧረ ይተዉት አባቴ፣ ማን ያውቃል?” አላቸው ነጋዴው።

“ብርዱ ያውቃል። ክሬን አምኖ የለበሰ ሰው በእኔ ስም ሲንዘፈዘፍ አይደር።”

ነጋዴው ሁሉም ካልሆነ አልወስድም ብሎ ባዶ እጁን ሄደ። እኔም ገበያችንን አበላሹ ብዬ እስከ ቤት ድረስ አኮረፍኳቸው።

ይኸው አርባቸው ወጣ። ባለፈው አርብ ብቻዬን የሸመንኩትን ይዤ ገበያ ወጣሁ። ክር አልሰፋሁበትም፤ እጄ እምቢ አለኝ። አንዲት አሮጊት ጠርዙን ዙሪያውን ፈልገው ሲያጡ ቀና ብለው አዩኝ።

“ውይ ልጄን! አረፉ እንዴ?” አሉና ባናውን አጥፈው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ።

አጎቴ፣ ክሩ ከነመርፌው ቤት አለ። ብሰፋው ግን አሁን የሚተረትርብኝ ሰው የለም።