እናቴ ለሽማግሌዎቹ የነገረቻቸው

እኔና እናቴ ባሕር ማዶ፣ ፌርፋክስ በሚባል ጎዳና ላይ ባለ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ አብረን እንሠራ ነበር፤ እሷ ኩሽና፣ እኔ አስተናጋጅ። ጠዋት ጠዋት ኮሌጅ እማራለሁ። የእንግሊዝኛ ክላስ አስተማሪዬ አንድ ወፍራም የድሮ የእንግሊዝ ልቦለድ አስነበበችን፤ እኔም ከሥራ ስንመለስ በፒኮ ጎዳና አውቶቡስ ላይ ያነበብኩትን ለእናቴ እተርክላታለሁ።

ለሀብት ብላ ክፉ ሰው ስላገባችው ቆንጆ ስነግራት፣ "የሚመክር ዘመድ አልነበራትም?" እያለች ትበሳጫለች። አንድ ቀን ሌላው ባለታሪክ ላይ ደረስን። እንደ እንግሊዝ ጌታ ልጅ ያደገ ወጣት ነው፤ እናቱ አይሁዳዊት መሆኗን የነገረችው ካደገ በኋላ ነው።

"ለምን ደበቀችው?" አለች።

"እንዳይናቅ ብላ።"

እናቴ የማቆሚያውን ደወል ሳትጫን ቀረች። መውረጃችን አለፈን። ወደ ኋላ በእግራችን ስንመለስ ነው፣ ጎንደር የሞተችው አያቴ ቤተ እስራኤል እንደነበረች የነገረችኝ። ሸክላ ትሠራ ነበር። ገንፎ ማብሰያዋን የሚገዟት ጎረቤቶች "ቡዳ ናት" እያሉ ልጆቻቸውን ይሸሽጉባት ነበር። እናቴ አዲስ አበባ ስትገባ ይህን ዋጠችው። ጴንጤ ሆነች፣ አባቴን አገባች፤ እሱም ሳያውቅ ሞተ።

"አፈርሽብኝ?" አለችኝ።

"አላፈርኩም። ግን ለምን ዛሬ ነገርሽኝ?"

"ልታገቢ ነዋ። እውነት ተደብቆ የተሠራ ቤት አይጸናም።"

በወሩ ሽማግሌዎች ሚድ ሲቲ ሰፈር ያለው አፓርታማችን መጡ፤ የእጮኛዬ አክስትም አብራቸው ነበረች። እኔ መኝታ ቤት ሆኜ እሰማለሁ። ትልቁ ሽማግሌ ለወጉ ያህል "በእናት በኩል የወዴት ሰዎች ናችሁ?" አሉ።

"ጎንደር" ብላ ብታልፍ ማንም አይጠይቃትም ነበር።

"እናቴ ቤተ እስራኤል ናት" አለች። "ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ በእጇ ሥራ አሳድጋኛለች። ልጄን የምትጠይቁ ይህንን አውቃችሁ ጠይቁ።"

እንደዚያን ቀን በእናቴ ኮርቼ አላውቅም።

ሽማግሌው "እትዬ፣ ልጅዎን እንድንጠይቅ ለላኩን ቤተሰቦች ይህን መስማት ክብር ነው" አሉ። የአክስትየዋ ስኒ ጠረጴዛው ላይ ጠንከር ብሎ ሲቀመጥ ሰማሁ።

እጮኛዬ በነጋታው ምግብ ቤቱ መጥቶ፣ ኩሽና ገብቶ የእናቴን ጉልበት ሳመ። እጇን ሽንኩርት ነክቶት ስለነበር በክርኗ ገፋ አድርጋ፣ "ተነሣ ልጄ፣ ወለሉ ይንሸራተታል" አለችው።

አክስቱ ሠርጉ ላይ አልተገኘችም። ፓስተሩ ቤተሰቦቻችንን ሲያስተዋውቁ ግን የአያቴን ስም ከነወገኗ በማይክ ጠሩት፤ እንዲጠራ ያዘዘችው እናቴ ናት። እኔም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።