መምህሬን የመታሁበት እጅ

ከጎንደር የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። አባቴ ከኮላ ድባ መጥተው አራዳ ከአክስቴ ቤት አብረውኝ አድረው ነበርና፣ ማኪናው እስኪሞላ ድረስ ጋቢያቸውን ተከናንበው አጠገቤ ቆሙ። የምሄደው ወደ ሞስኮ፣ የምማረውም የቦክስ አሰልጣኝነት መሆኑን ደጋግሜ ነግሬአቸው ነበር፤ ነገሩ ግን አልዋጥላቸው ብሎ ነበር።

«ምነው ልጄ፣» አሉኝ፣ «ለመማታትም ትምህርት ቤት ይገባል? እዚሁ ገበያ ብታመሽ በነጻ ትማረው አልነበር?»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ከልቤ መሳቄን አላስታውስም።

ወደዚህ ለመምጣት ወረቀታችሁን የምታሯሩጡ ወንድሞቼ፣ ብርዱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። የደባርቅ ብርድ ከዚህኛው ጋር ሲተያይ ለሰው የሚራራ ነው፤ እሳት ዳር ሲቀመጡ ይለቃል። የዚህ አገሩ ግን አጥንት ውስጥ ገብቶ ይከርማል። ዳቦው ጥቁርና ኮምጣጣ ነው፤ ሽታው የጠላ ድፍድፍ ስለሚያስታውሰኝ የመጀመሪያውን ሳምንት ከመብላት ይልቅ ሳሸተው ሰነበትሁ።

አሰልጣኛችን ኒኮላይ ስቴፓኖቪች ይባላሉ፤ በጦርነቱ ጊዜ የቆሰሉ፣ ግራ ቅንድባቸው በስፌት የተጠገነ፣ ወደ ስልሳ ዓመት የተጠጉ ሰው ናቸው። በልቤ አያ ኒኮላይ እላቸዋለሁ። ትምህርታቸው ከእኛ አገሩ ቡጢ ጋር አይመሳሰልም። እኛ እግራችንን ተክለን በአንድ ምት መገላገልን እንመኛለን፤ እርሳቸው ግን ሁለት ወር ሙሉ እግሬን ብቻ አስተማሩኝ። በጣት ጫፍ ዘሎ መግባት፣ ነክቶ መውጣት፣ ደግሞ መግባት። ስሙን «ቼልኖክ» ይሉታል፤ የሸማኔ መወርወሪያ ማለት ነው። በየጠዋቱም የደም ትርታችንን ቆጥረን፣ እንቅልፋችንንና ክብደታችንን በደብተር ጽፈን እናስረክባለን።

መከራዬ የመጣው ከሌላ ወገን ነው። ዓመቱ ሲጋመስ እያንዳንዱ ተማሪ ከአሰልጣኙ ጋር ሦስት ዙር ይጋጠማል፤ ያላለፈ ወደ አገሩ ይመለሳል። ከእኩዮቼ ጋር ስጋጠም የማላመነታው ሰው፣ ከእርሳቸው ፊት ስቆም ዓይኔ ወደ መሬት ይወርድ፣ ክንዴም ከመንገድ ይመለስ ነበር። በአገራችን በታላቁ ላይ፣ ይልቁንም በመምህሩ ላይ እጁን ያነሣ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ይህንኑ አንድ በአንድ አስረዳኋቸው።

«አክብሮትህን ከካፖርትህ ጋር ውጭ ስቀለው፣» አሉኝ በመጨረሻ። «ነገ ፈተናው ላይ ካልመታኸኝ ስምህን የምሰርዘው እኔ ራሴ ነኝ።»

በማግስቱ መታኋቸው። በሦስተኛው ዙር፣ እንዳስተማሩኝ ገብቼ፣ በግራ አሳስቼ፣ ቀኙን ላክሁት። በትክክል አረፈ። አሮጌው ቁስል ፈነዳና ደሙ ዓይናቸውን ሸፈነው። እንደ ተንበረከኩ መዝጋቢውን «አምስት ጻፍለት» አሉት፤ ከፍተኛው ውጤት ነው። ከሳምንት በኋላ ሐኪሞቹ በዚያ ዓይን ዳግመኛ እንደማያዩ ነገሯቸው፤ ወደ አዳራሹም አልተመለሱም።

እህል አልወርድልኝ አለ። ስለዚህ በአገራችን ሥርዓት አደረግሁ። በእኛ ዘንድ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳይ ደጅ ይወድቃል፤ ተበዳዩ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ድንጋዩን እስኪያወርድለት ድረስ አይነሣም። ከመንገድ ጠጋኞች ጥርብ ድንጋይ ለምኜ፣ በትከሻዬ ተሸክሜ ወደሚኖሩበት ፎቅ ወጣሁ። በሩን የከፈቱልኝ፣ በዚያው ቤት ወጥ ቤት የሚጋሯቸው አሮጊት ጎረቤታቸው ነበሩ።

«እኛ ያመለከትነው ስለ ቧንቧ ነው፣» አሉኝ ድንጋዩን አይተው፣ ቤት ጠጋኝ መስያቸው። «እሱም ከስድስት ዓመት በፊት ነው።»

አያ ኒኮላይ ዓይናቸው እንደ ታሸገ ብቅ አሉ። ከደጃቸው ተንበረከክሁ። «ይቅርታ» የሚለውን በሩስኛ አውቀዋለሁ፤ በትራም ውስጥ የሰው እግር ሲረግጡ የሚባለው እርሱ ነው። ለዓይን የሚበቃ ቃል አልነበረኝም። እርሳቸው ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ከትከሻዬ ላይ እንዳለ በእጃቸው መዘኑት።

«ስንት ኪሎ ነው?» አሉ። «ለትከሻ መልካም ነው፤ አንገትህን ግን አትስበር። በል፣ ደረጃውን አምስት ጊዜ ወርደህ ውጣ፤ የደም ትርታህን እቆጥራለሁ።»

አምስት ጊዜ ወረድሁ፣ ወጣሁ። በቀረችው ዓይናቸው ሰዓታቸውን እያዩ የእጄን አንጓ ያዙ፤ ደስ ብሏቸው ነበር። ድንጋዩን ግን አላወረዱልኝም።

በትንሣኤ ማግስት ወደ ጎንደር ደወልሁ። አባቴ በደብዳቤ በተቃጠርነው ቀን ከስልክ ቤቱ መጥተው ይጠብቁኝ ነበር። ሁሉን ተናዝዤ፣ በዚያ ሰው ፈንታ እርሳቸው ይቅር እንዲሉኝ አስቤ ነበር። ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል።

«ፈተናውን አለፍህ አሉ። መምህርህ ደስ አላቸው?»

«አዎን አባቴ፣ ደስ ብሏቸዋል።»

«ሸጋ። በል እንግዲህ፣ ከእግራቸው ሥር ሁነህ ምርቃታቸውን ተቀበል፤ የእኔ ሩቅ ነው።»

ቴሌፎነኛዋ ጊዜው አልቋል ብላ መስመሩን ስትቆርጠው፣ እኔ ገና «እሺ» እያልሁ ነበር።