የአባቴ ድንጋይ በዘጌ ዳርቻ

ዓርብ ጧት ከባሕር ዳር የተነሣሁት ለእናቴ የመቃብር ቦታ ልለምን ነው። አልጋ ከያዘች ሦስት ወሯ ነው፤ ሐኪሙም ተስፋ አልሰጠንም። እሷ የምትለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ከአባትሽ ጎን አሳርፊኝ።» አባቴ ከሞተ አሥራ አምስት ዓመት ሆነው፤ የተቀበረው ዘጌ፣ ሐይቁ ዳር ካለች ቤተ ክርስቲያን ነው።

ለአንድ ቀን መንገድም ከቀበሌ መሸኛ ማውጣት ግድ ነው። ሐሙስ ዕለት ስሄድ ጸሐፊው ቀና ብሎ «የማን መቃብር ነው የምታዪው?» አለኝ። «የአባቴ» አልሁት። «በምን ሞተ?» «በወባ።» ያን ጊዜ ማኅተሙን መታልኝ። ወባ መሆኑ በጀኝ እንጂ በጥይት የሞተ ቢሆን በጥያቄ እዚያው ውዬ ነበር።

ሁለት ሰዓት ላይ ጀልባዋ ተነሣች። ሰማዩ ዳምኗል፤ ውኃው ደፍርሶ የጭቃ መልክ ይዟል። ከጎኔ የተቀመጠች የጌሾ ነጋዴ ቆሎ ዘግና ሰጠችኝ። ወታደር አብሮን ስለተሳፈረ ወሬ የጀመረ ሰው አልነበረም።

ከወደቡ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በቡናና በሎሚ ዛፍ መካከል ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። ሲዘንብ ስላደረ ጫማዬን አውልቄ ያዝሁ። መቃብሩን ሙጃ ውጦታል፤ ድንጋዮቹ ወደ ውኃው አዘንብለዋል። የአባቴን ወዲያው ለየሁት፤ የተቀረጸበት መስቀል አንድ ክንዱ የተሰበረ ነው። እናቴ በየዓመቱ በሙት ዓመቱ እየመጣች እዚህ ታለቅሳለች።

ግቢውን የሚጠብቁት ሽማግሌው ቄስ አባ ተክሌ ናቸው። መስቀል ተሳልሜ የመጣሁበትን ነገርኋቸው። የአባቴን ድንጋይ በመቋሚያቸው ነካ አደረጉት።

«ቦታስ አለ። ግን ከአባትሽ ጎን አይደለም።»

«ድንጋዩ ይኸው አይደል እንዴ አባ?»

«ድንጋዩማ የእሱ ነው። በተቀበረ በሁለተኛው ክረምት ውኃው ሞልቶ ዳሩን ሲበላው የታችኛው ረድፍ መቃብር አብሮ ሄደ። ድንጋዮቹን ጎትተን አወጣን፤ አፅሙን ግን አልደረስንበትም።»

ከድንጋዩ ሥር ያለውን የመቃብር ጉብታ አየሁት። «ታዲያ እዚህ ውስጥ ያለው ማን ነው?»

ዙሪያቸውን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በዚያው ክረምት ሐይቁ የተፋው ልጅ ነው። እጁ የፊጥኝ ታስሮ ነበር። የማን እንደሆነ አላወቅንም፤ እንዳንጠይቅም ፈራን። ያን ጊዜ እንዲህ ላለ ሰው ማልቀስም ያሳስር ነበር። ፍትሐት አድርሰን ቀበርነው። አዲስ አፈር አይተው እንዳይመጡብን ብዬ የአባትሽን ድንጋይ አኖርሁበት። ዳሩ ተለውጦ ስለነበር እናትሽም ቦታው መቀየሩን አልለየችም።»

ተናደድሁ። «እናቴን ይህን ሁሉ ዓመት በሰው መቃብር አስለቀሷት እኮ!»

«አዎ። ልነግራት ስንት ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ግን ስታለቅስ ሳያት፣ ለዚያም ልጅ አልቃሽ ተገኘለት እላለሁ። ይቅር በይኝ ልጄ።»

ወደ ውኃው ወርጄ ቆምሁ። አባቴ እዚያ ውስጥ ነው፤ ወዴት ዞሬ እንደማለቅስለት እንኳ አላወቅሁም። ሲወጣልኝ ተመልሼ በድንጋዩ ዙሪያ ያለውን ሙጃ ነቀልሁ። ከዚያም አባን «ከዚሁ ጎን ያለውን ቦታ ይያዙልኝ» አልኋቸው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ገባሁ። እናቴ ዓይኗን በሩ ላይ አድርጋ ትጠብቀኝ ነበር።

«ቦታ አለ?»

«አለ እማዬ።»

«ከጎኑ?»

«ከጎኑ።»

እናቴን ዋሽቻት አላውቅም ነበር፤ እንደምችል የተማርሁት በዚህ ጉዞ ነው። እጄን ያዘችኝ።

«እንኳን አገኘሽልኝ። ከእኔ በቀር ማን አለው?»

«ማንም የለውም፤ እማዬ» አልኋት፣ ያን ልጅ እያሰብሁ። ይቺ ግን እውነት ነበረች።