የወይዘሮ ያለምወርቅ የጓሮ ግድግዳ

ሸኩር ሰው ቤት ሲገባ ከሰላምታው ቀጥሎ እጁ ወደ ግድግዳው ይሄዳል። በጣቱ አንጓ ሁለት ሦስት ጊዜ ያንኳኳና ያዳምጣል። ጤነኛ ጭቃ ድፍን ያለ ድምፅ አለው፤ ማገሩን ምስጥ የጨረሰው ግድግዳ ግን እንደ ባዶ ጣሳ ይጮኻል። ይህን ያስተማሩት አባቱ ናቸው። አባቱ ከስልጤ አገር ጅማ ገብተው፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ውስጥ ቤት ሲያቆሙ የኖሩ አናጢ ነበሩ። ልጃቸው ደግሞ አርባ ዓመት ሙሉ እሳቸው ያቆሙትን ሲጠግን ኖረ።

«ቤት የሚሠራ ሞልቷል» ይሉት ነበር አባቱ፤ «የቆመውን የሚያቆይ ነው የጠፋው።»

ሸኩር ካቆያቸው ቤቶች አንዱ የወይዘሮ ያለምወርቅ ነው። ባለቤታቸው ከአጋሮ ወደ አዲስ አበባ ቡና ሲያመላልሱ የኖሩ ሹፌር ነበሩ፤ እሳቸው ካረፉ በኋላ ወይዘሮ ያለምወርቅ በዚያው ቤት ብቻቸውን ቀሩ። ጭቃ ቤት ነው፤ አራት ክፍል፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ከጓሮው በኩል ትንሽ ቁልቁለት። ግንቦት በመጣ ቁጥር ሸኩር ማንም ሳይጠራው ይሄዳል። ከአሸንዳው ቅጠል ይጠርጋል፣ ከጓሮ ያለውን ቦይ ጥልቅ ያደርጋል፣ ከጭድ ጋር ሳምንት ያቦካውን ጭቃ በስንጥቁ ሁሉ ይሞላል። የቋሚዎቹን እግር እያንኳኳ ይዞርና ምክሩን ይጀምራል።

«እትዬ፣ የልብስ ውሃ ግድግዳው ሥር አይድፉ። አፈርም አይከመርበት። ይቺን አበባ ደግሞ ራቅ አድርገው ይትከሏት፣ እርጥበት ትይዛለች።»

«አንተ እኮ የምታዝነው ለቤቱ ነው፣ ለኔ አይደለም» ይሉና ይስቃሉ።

ከሦስት ዓመት በፊት ሸኩር ሰኮሩ ላይ የአንድ መጋዘን ጣሪያ ሲያጠብቅ አንሸራትቶት ወደቀ። ቀኝ ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰበረ። አጥንቱ ገጠመ እንጂ ጉልበቱ አልተመለሰም፤ መዶሻ ሲይዝ ሦስተኛው ምት ላይ ጣቶቹ በራሳቸው ይከፈታሉ። ጉልበቷን የሚያማት ሚስቱ ሙና በራቸው ላይ ሳሙናና ሻማ የምትሸጥበት ትንሽ ሱቅ ከፈተች፤ እሱ አጠገቧ ወንበር ላይ መዋል ጀመረ። የዚያ ዓመት ግንቦት ወደ ወይዘሮ ያለምወርቅ ቤት ሳይሄድ አለፈ። የሚቀጥለውም አለፈ። ሙና «ሄደህ እንኳ ሰላም በላቸው» ብትለው «ባዶ እጄን ሄጄ ምን ልሠራ?» አላት። እውነቱን ለመናገር አፍሮ ነበር። ሌላ ሰው እንዲጠሩ እንኳ አልነገራቸውም።

በሦስተኛው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ የወይዘሮ ያለምወርቅ ልጅ ጽዮናዊት ከአዲስ አበባ መጣች። የቢሮ ሠራተኛ ናት፤ ለእናቷ የምትሆነውን ታጣለች። የእናቷን ቤት ልታሳምር አስባ አኒስ የሚባል ግንበኛ ቀጥራለች። ለሸኩርም ሰው ላከችበት።

«ጋሼ ሸኩር፣ እንኳን መጡ! እርስዎ ሳያዩት አይጀመርም ብዬ ነው» አለችና ስልኳን አወጣች። ምስሉ ላይ ጥግና ጥጉ እንደ ሳጥን የቀና፣ ነጭ ግድግዳ ነበር። «ጭቃው ላይ ሽቦ ይመታና በሲሚንቶ ይለሰናል። ጓሮውም ኮንክሪት ይሆናል፣ እማዬ ጭቃ እንዳትረግጥ።»

ሸኩር ምስሉን ትቶ ግድግዳውን አየ። ካየው ሁለት ዓመት አልፎታል። ቦዩ በአፈር ተደፍኗል።

«ልጄ፣ ጭቃ ይተነፍሳል፣ ሲሚንቶ አይተነፍስም» አለ። «ውሃው ከመሠረቱ ወደ ላይ ይሳባል። እስከ ዛሬ ፀሐይ ሲወጣ ይደርቅ ነበር፤ አሁን መውጫ ሲያጣ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ማሳመር ካልቀረ በኖራ ይለሰን። ጓሮውም ከፍ ካለ ውሃው ተመልሶ ቤቱን ነው የሚመታው።»

አኒስ ጨዋ ሰው ነው፣ አላቋረጠውም። ሲጨርስ፣ «ጋሼ፣ ዘንድሮ ብቻ አሥራ አንድ ቤት እንዲህ ሠርቻለሁ። አንዱም ምንም አልሆነም» አለው።

«ስንት ክረምት አለፈባቸው?»

አኒስ ፈገግ አለ። «ክረምቱማ ገና ነው።»

ሸኩር ወደ ወይዘሮ ያለምወርቅ ዞረ። እሳቸው ጽዮናዊት እስክትርቅ ጠበቁና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ ደክማ ያመጣችው ነው፣ ሸኩር። እምቢ ብላት ይከፋታል» አሉት።

እንግዲያው ቦዩ እንኳ ይቆፈር ሊል ፈለገ። አንደበቱ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ሁለት ግንቦት ያልመጣ ሰው በምን ፊቱ ነው ይሄን ተዉ፣ ያንን አድርጉ የሚለው? የቀረበለትን ሻይ ጠጥቶ ወጣ።

ሥራው በአሥራ ሁለት ቀን አለቀ። ቤቱ እንቁላል መሰለ። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አየ፣ ወይዘሮ ያለምወርቅም ወንበራቸውን አውጥተው በንጹሑ ኮንክሪት ላይ ፀሐይ ሞቁ። ሸኩርም «ማሻአላህ» አለ፤ ማማሩስ እውነትም አምሯል።

ዝናቡ ሰኔ ሳይጋመስ ያዘ። ሐምሌ በገባ በሳምንቱ ወይዘሮ ያለምወርቅ አስጠሩት። «መኝታ ቤቴ ይሸተኛል» አሉት። ሸኩር ገና በሩ ላይ ሳለ ሽታውን አወቀው፤ የረጠበ ቅጠል ክምር ሲገለበጥ የሚሸተው ዓይነት ነው። ቀለሙ ከታች አባብጧል። ወገቡ ትክክል አንኳኳ፣ ባዶ ጣሳ። ጎንበስ ብሎ ከጉልበቱ በታች አንኳኳ። እዚያ ጭራሽ ድምፅ የለም፤ የረጠበ የዱቄት ጆንያ እንደ መምታት ነው።

መሮውን ከፌስታል አወጣ። በቀኙ ሞከረ፣ እጁ ከዳው። መሮውን በቀኙ ደግፎ በግራው መታ፣ መሮው እየተንሸራተተ አስቸገረው። ብዙ ከታገለ በኋላ መዳፍ የምታህል ሲሚንቶ ተነሳች። ከጀርባዋ ጥቁር ጭቃ እንደ ገንፎ ወጣ፤ ከጭቃው ጋርም እንደ ራሰ ዳቦ በጣቱ መሃል የሚፈረካከስ ማገር፣ በማገሩ ውስጥ ነጫጭ ምስጥ።

«እትዬ» አለ ቀና ሳይል፣ «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ክፍል አይተኙ።»

«የት ልተኛ?»

«ሳሎን። አልጋውን እናወጣለን።»

ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤታቸው ቲጃኒ መጥቶ አልጋውን አወጣ። ከዚያም ሦስት የባሕር ዛፍ ግንድ አምጥቶ ከሸኩር ጋር ግድግዳውን ከውጭ ሊደግፉት ሞከሩ። ድጋፍ እግሩ መሬት ውስጥ መቀበር አለበት፤ እዚህ ግን ልሙጥ ኮንክሪት ነው። ግንዱን ባቆሙት ቁጥር እግሩ ይንሸራተታል። ድንጋይ ቢያስጠጉለትም ድንጋዩም ይንሸራተታል።

«አፈር ቢሆን ኖሮ ይነክስልን ነበር» አለ ሸኩር።

ለአኒስ ደወለ። አኒስ ቴፒ ሌላ ሥራ ላይ ነበር። ሁሉን ሰማና፣ «ጋሼ፣ በዚህ ዝናብ ግድግዳ ከፍቼ ምን አደርጋለሁ? ምንስ ይደርቅልኛል? መስከረም ይጥባ» አለው። ሸኩር ሊቆጣው ፈልጎ አልቻለም። እሱም ቢጠየቅ የሚመልሰው ይህንኑ ነበር። ግድግዳውን ሐምሌ ላይ ቢከፍቱት ይወድቃል፤ ቢተዉትም ይወድቃል።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ይሄድ ጀመር። ከመስኮቱ ሥር የጀመረውን ስንጥቅ ጫፉን በእርሳስ ያሰምርበታል። በማግስቱ ስንጥቁ መስመሩን አልፎ ይጠብቀዋል። ሌላ ያሰምራል። «ዛሬስ?» ይሉታል ወይዘሮ ያለምወርቅ። «ትንሽ ሄዷል» ይላል። ሌላ የሚሠራው ነገር አልነበረውም። ከዝናቡ በፊት ቢሆን ኖሮ በሁለት ቀን የሚያልቅ ሥራ ነበር፤ እሱም ደህና እጅ ቢኖረው።

አንድ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሳሎን ተቀምጠው ወይዘሮ ያለምወርቅ ምስር ይለቅማሉ፣ ሸኩር የአጋሮ ዘመዶቹን ወሬ ያወራላቸዋል። ያን ጊዜ ከመኝታ ቤቱ ድምፅ መጣ። ትልቅ በሬ ደክሞት ሲተኛ የሚያሰማው ዓይነት፣ ረጅምና ከባድ ድምፅ ነው። ከዚያ የዝናቡ ድምፅ በድንገት ቀረበ።

«ወደቀ?» አሉ ወይዘሮ ያለምወርቅ።

«ወደቀ፣ እትዬ።»

ምስሩን ከጉልበታቸው አላወረዱም። ሸኩር በሩን ከፍቶ አየ። የሲሚንቶው ልስን በሽቦው ተያይዞ፣ ሳይሰበር፣ አንድ ሙሉ ገበታ ሆኖ ጓሮው ላይ ተንጋልሏል፤ ነጩ ፊቱ ወደ ምድር። ጭቃው በላዩ እየሟሟ ይወርዳል። አልጋው የነበረበት ቦታ ላይ እንደ ልቡ ይዘንባል።

ጎረቤት ተሰበሰበ። ሸራ መጣ። ሸኩር አንዱን ጫፍ በግራ እጁ ይዞ ዝናብ ውስጥ ቆመ፤ ንፋሱ ሸራውን ሲነጥቀው ተከትሎት ሁለት እርምጃ ሄደ። ቲጃኒ ጫፉን ከእጁ ወሰደለት። «ማሎ፣ እባክዎ ጋሼ፣ እርስዎ ይቀመጡ፣ እኛ እናስረዋለን» አለው። ወንበር አወጡለት። ተቀመጠ፤ ሌሎች ሲያስሩ ከታች ሆኖ አየ። አንዱ ገመዱን ያሰረው በማይሆን በኩል ነበር፤ ውሃው ሸራው ላይ ይጠራቀማል። ነገራቸው። በዝናቡ ጩኸት የሰማው የለም።

ጽዮናዊት ከአዲስ አበባ ስትደውል እያለቀሰች ነበር። «ጋሼ፣ እንዲህ እንደሚሆን ለምን አልነገሩኝም?»

ሸኩር ስልኩን ከጆሮው ትንሽ አራቀ፣ መልሶ አስጠጋ። «አላህ እናትሽን አትርፏል፣ ልጄ። እሱን እናመስግን» አለ።

«አሁን ምን እናድርግ?»

አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ይህን ጥያቄ ሲጠይቀው መልስ ነበረው። አሁንም አላጣም። «የቀሩትን ግድግዳዎች ከታች ክንድ ያህል ሲሚንቶውን አስነሺላቸው። ኮንክሪቱም ከቤቱ እግር ሁለት ክንድ ተቆርጦ ቦይ ይቆፈር። ግን በጥቅምት ነው፣ ሲደርቅ። አሁን ምንም የለም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ቅዳሜ መጥታ እናቷን ወሰደቻቸው። ወይዘሮ ያለምወርቅ ቁልፉን ለሸኩር ሰጡት። «እስክመለስ ተመልከትልኝ» አሉት። እሺ አለ። ቲጃኒ ወደ መናኸሪያ ሲያደርሳቸው ከባጃጁ ውስጥ ዞረው ያዩት ቤቱን ሳይሆን እሱን ነበር፤ እንዲያ ሲያዩት ደግሞ እፍረቱ ባሰበት።

አሁን እሑድ እሑድ ከአዲስ አበባ ይደውሉለታል። ነሐሴ አጋማሽ ላይ የደወሉ ቀን ሸኩር በሙና ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

«ዝናቡ እንዴት ነው?» አሉት።

«እየቀነሰ ነው፣ እትዬ።» ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ውሃ ሙናን ከደንበኛዋ ጋር አላደማምጥ ብሏታል።

«ቤቱስ?»

ጠዋት ሄዶ አይቶት መጥቷል። የሳሎኑ ማዕዘን ጀምሯል፤ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ነው።

«አለ። ቆሟል።»

ወይዘሮ ያለምወርቅ ዝናቡን ሳይሰሙት አልቀሩም።

«አንተ እኮ መዋሸት አትችልበትም፣ ሸኩር» አሉት። ከዚያ ሙናን ጉልበቷን ተሻላት ወይ ብለው ጠየቁት፤ እሱም ስለ ሙና ጉልበት በሰፊው አወራላቸው።