የልጄን ልብስ የፈራሁበት ምክንያት

ባለፈው አርብ ከሰዓት በኋላ ሰልማ መጣች። ሰልማ የሟች ልጄ የዘሃራ ጓደኛ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ አብረው ፊዚክስ ይማሩ ነበር። እዚሁ ዓረብ አገር፣ ሳጃና ሰፈር ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋ ከዓረብኛ ጋር የተደባለቀ ነው፤ እኔንም «ኻልቲ»፣ አክስቴ ማለቷ ነው፣ ትለኛለች።

ግቢው ጥግ ያለውን፣ የዘሃራ ልብስ ብቅ ያለበትን የታሰረ ጆንያ አየችና «ኻልቲ፣ የዘሃራን ልብስ ሰደቃ አልሰጠሽም እንዴ?» አለችኝ።

ከጆንያው ፈንጠር ብዬ ተቀመጥኩ።

በእኛ ዘንድ የሟች ልብስ ታጥቦ ለችግረኛ ይሰጣል። እኔ ግን አልነካሁትም። ዘሃራ የምታጠናው ሌዘር ነበር። «እማ፣ ዓይን የማያየው ብርሃን እየሠራሁ ነው» ትለኝ ነበር። ዓይኗም ሁልጊዜ ይቀላል። ሐኪሙ ወባ ነው የገደላት ቢለኝም ሰፈሩ «ጨረር ነው የበላት» አለ... እኔም አመንኩ። ከልብሷ ወደ ሰው ልጅ ይተላለፋል ብዬ አሰርኩት። አቅፌ እንኳ አላሸተትኩትም።

ይህንኑ ነገርኳት። ጎረቤቴ እትዬ ዘምዘምም አጠገባችን ተቀምጠው ነበር።

ሰልማ «የምን ጨረር? ወላሂ ኻልቲ፣ እኛ የሌዘሩ ማሽን የለንም!» አለች።

«ታዲያ ምን ትሠራ ነበር?» አልኳት።

«ሂሳብ! ብረት በኃይለኛ ሌዘር ሲመታ በጣም ይግልና ፕላዝማ የሚባል የሚያበራ ጋዝ ይሆናል። ከዚያ ውስጥ ሞገዱ እጅግ አጭር የሆነ ሌዘር ይወጣል፤ ረቂቅ ነገር ለማየት ይጠቅማል። ዘሃራ ምን ያህል መጋል እንዳለበት በኮምፒውተር ታሰላ ነበር። መብራት ሲጠፋ ስሌቱ ይቋረጥባታል፣ እንደገና ከመጀመሪያው... ዓይኗ የሚቀላው እንቅልፍ አጥታ ነው።»

«ማሽኑ ቢኖርስ?» አልኳት።

«ቢኖርም ያንን ብርሃን አየር ይውጠዋል። አየሩ ተመጦ በወጣለት ዝግ የብረት ሳጥን ውስጥ ነው የሚሠራው። ልብስ ላይ አይቀመጥም፣ ኻልቲ።»

እትዬ ዘምዘም «ኤዲያ! ታዲያ ኮምፒውተር ፈርተን ነው ከጆንያው ስንሸሽ የከረምነው?» ቢሉ... ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

ጆንያውን ፈታሁት። የራስ መሸፈኛዋ ከላይ ነበር። ፊቴን ቀበርኩበት... እሷን እሷን ይላል። በኋላ ሰልማ እጅጌዋን ሰብስባ «ያላ፣ ይቺን አንቺ ያዣት፤ ሌላውን እንጠበው» አለች።

ስትሄድ የዘሃራን ስሌት እሷ እንደምትጨርሰው ነገረችኝ። «ሌዘሩ አንድ ቀን ይበራል፣ ኢንሻአላህ።»

ስፈራው የከረምኩትን ብርሃን፣ አሁን እንዲበራ ዱዓ አደርግለታለሁ።