ዐንበሩን ሳንመርጥ የቆየንባቸው ምሽቶች

ጥምቀት ሲያልፍ ልዳር ነበር። ባል የተባለው ሰው አገሩ ቁልቢ ማዶ ነው፤ ደጋ፣ ጉም የማይለየው። እናቴ «ለዚያ ብርድ የሚያሞቀው የዐንበር ሽቶ ነው የሚሆንሽ» ብላ እጄን ይዛ ከጀጎል በሮች አንዱ በሆነው በፈላና በር አጠገብ ሽቶ ወደሚሸጡ ባልቴት ወሰደችኝ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤታችን ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን፤ ከኔ ሌላ ልጅ የላትም።

ባልቴቲቱ የጀጎል ተወላጅ ናቸው። ሁለት ብልቃጥ አውጥተው አሸተቱኝ። ሁለቱም ሞቅ ያሉ፣ ሁለቱም እንደ ደቃቅ ዱቄት አፍንጫ ላይ ለስለስ ብለው የሚያርፉ። ልለያቸው አልቻልኩም።

«ወላሂ ልጄ፣ ዐንበር በፀሐይ አይመረጥም» አሉኝ። «ሁለቱንም ውሰጃቸው። ማታ ብርዱ ሲገባ ተቀቢና፣ ኢንሻ አላህ፣ ያኔ የወደድሽውን ትነግሪኛለሽ።»

ከዚያ ወዲያ የጀጎል በሮች ተዘግተው የመግሪብ አዛን ሲያበቃ፣ እኔና እናቴ መደቡ ላይ በአንድ ጋቢ ተጠቅልለን እንቀመጥ ጀመር። አንዱን በቀኝ፣ ሌላውን በግራ እጄ አንጓ ላይ እቀባለሁ። አንደኛው ማር ማር ይላል፤ ሌላው ከሳጥን የወጣ የክት ልብስ ይሸታል። እናቴ አንዴ ይህን እጄን፣ አንዴ ያንን ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋና ዐይኗን ጨፍና ትቆያለች። ከዚያ ወሬዋ ይመጣል፤ አባቴን እንዴት እንዳገባች፣ እኔ የተወለድኩ ለት የጣለው ዝናብ። ሙቀቱ፣ ሽታውና ድምጿ ሲቀላቀሉብኝ ነቅቼ ይሁን ተኝቼ አላውቀውም ነበር።

ውሳኔ ግን የለም! ትናንት «ማር ማር የሚለው» ያለችው እናቴ ዛሬ «ኤዲያ፣ እሱማ ያፍናል፤ ያኛው ይሻላል» ትላለች። በማግስቱ ደግሞ ትገለብጠዋለች። እኔ ችኩል ነኝ፤ የተንጠለጠለ ነገር አልወድም። ስነጫነጭባት «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ብላ ዝም ታሰኘኛለች።

አንድ ምሽት ቱግ አልኩ። «እማዬ፣ ምን ነካሽ? ሰርጉ ደረሰ እኮ! የክት ልብስ የሚሸተውን ወስጃለሁ፤ በቃ። ነገ ሌላውን እመልሳለሁ።»

እጄን አልለቀቀችም። ቀና ብላም አላየችኝም።

«መምረጡ ካለቀማ» አለች ቀስ ብላ፣ «መሄድሽ ነው።»

ወይ እኔ! ያን ሁሉ ምሽት አፍንጫዋ እጄ ላይ ሲቆይ፣ የምታሸተው ሽቶውን መስሎኝ ነበር።

አንገቷን አቀፍኩና ሌላውንም እጄን ሰጠኋት።

«እንጃ እማዬ» አልኳት፣ «አሁን ሳሸታቸው ሁለቱም አንድ ሆነውብኛል። እስቲ ነገም እንሞክራቸው።»